የበረሃ ጀንበርና የፎቶግራፍ ዓይን

በየሱቁ ግድግዳ የሚሰቀለውን የዓመት ቀን መቁጠሪያ ያላየ ተማሪ አይኖርም። ከአሥራ ሦስቱ ወሮች በአንዱ ላይ መቼም ያች ሥዕል አትቀርም፤ አሸዋ፣ በሰልፍ የሚሄዱ ግመሎች፣ ከግመሎቹ ኋላ እንደ ብርቱካን የቀላች ጀንበር። ጥሩ ሥዕል ናት፤ ከሥዕሏ ጋር ጠብ የለንም። ዳሩ ግን ሰው ደጋግሞ ሲያያት አንድ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ፎቶ አንሺው የት ነው የቆመው? ፊቱንስ ወዴት አዙሯል? ጀንበር የምትጠልቀው በምዕራብ ነው። ከአፋር ምድር በስተ ምዕራብ ያለው ምንድር ነው? የወሎና የትግራይ ደጋ ነዋ! እንግዲህ ከግመሎቹ ኋላ፣ ጀንበሯ የምትገባበት ያ ጥቁር ጠርዝ፣ ስሙ ከሥዕሉ ግርጌ ያልተጻፈለት፣ የእኛው አገር ነው ማለት ነው። በዚያች ደቂቃ እኛ ከብት እናስገባለን፤ በሥዕሉ ላይ ግን አድማስ ነን።

ይህች ጽሑፍ ከዚያ ጠርዝ ላይ ቆማ የበረሃን ምሽት ማን፣ መቼ፣ በምን መሣሪያና ለምን ጉዳይ በፎቶግራፍ እንደ ያዘው ጥቂት ለማለት ትሞክራለች። መጽሔታችን በስቴንስል የምትባዛ ስለ ሆነች ፎቶግራፍ ማተም አይሆንላትም፤ ስለዚህ አንባብያን ሥዕሎቹን በቃል ብቻ እንዲያዩልን እንለምናለን።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ። ፈረንጅ በረሃ ሲል ዓይኑ ላይ የሚመጣው አሸዋ ነው። በአማርኛችን ግን በረሃ ማለት ሙቀቱ የከበደ፣ መንደር የሳሳበት ቆላ ሁሉ ነው። «የዓባይ በረሃ» እንላለን፤ ዓባይ ሸለቆ ውስጥ የአሸዋ ክምር የለም። «የተከዜ በረሃ» እንላለን። ሽፍታ በረሃ ይገባል፤ ተማሪም፣ ታሪክ እንደሚመሰክረው፣ አንድ ሰሞን በረሃ ገብቷል። ስለዚህ በረሃ ለእኛ የአሸዋ ስም ሳይሆን የቦታ ግንኙነት ስም ነው፤ ከላይ የቆመ ሰው ከታች ላለው ምድር የሚሰጠው ስም። ከታች ያለው ሰው ቤቱን በረሃ ብሎ አይጠራም።

ፍላቂት የመቄት ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከወልዲያ ወደ ወረታ በሚሄደው፣ ሕዝቡ «ቻይና መንገድ» በሚለው ጎዳና ላይ ያለች የደጋ ከተማ። መንገዱ የውሃ መለያ ጀርባ ይዞ ነው የሚሄደው። በስተ ሰሜን የዘነበው ወደ ተከዜ፣ በስተ ደቡብ የዘነበው በበሽሎ አድርጎ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ከአንድ ጣራ የሚንጠባጠብ ውሃ ለሁለት ወንዝ ይካፈላል ብንል ብዙም ማጋነን አይሆንብንም። በሰሜኑ በኩል ወደ ገደሉ አፋፍ የወጣ ሰው ከእግሩ ሥር የላስታን ቆላ፣ ከዚያም ወዲያ የተከዜን በረሃ ያያል። ወደ ማታ ሸንተረሩ አንዱ ከአንዱ ኋላ እየተደረደረ፣ የቅርቡ ጥቁር፣ ቀጥሎ ያለው ሰማያዊ፣ የመጨረሻው ከሰማዩ የማይለይ ይሆናል። ከዚያው ከመቄት ደጋ ጫፍ፣ መቋት ማርያም ላይ፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ገበሬዎቹ ራሳቸው የሚያስተዳድሩት የእንግዳ ማረፊያ ተሠርቶ ነበርና ብዙ የውጭ አገር ሰው ይህን ምሽት ፎቶግራፍ አንስቶ ሄዷል። ጭላዳውም ሳይቀር ተነስቷል።

ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። የፎቶግራፍ መማሪያ መጻሕፍት ስለ «ወርቃማው ሰዓት» ብዙ ይሰብካሉ፤ ጀንበር ዝቅ ስትል ብርሃኗ ስለሚለሰልስ፣ ጥላ ስለሚረዝም፣ ሥዕል አንሺ ያን ሰዓት ይጠብቅ ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን መጻሕፍቱ የተጻፉት ጀንበር ጋደም ብላ እየተንሸራተተች በምትጠልቅበት በሰሜን አገር ነው። ስቶክሆልም ላይ በሰኔ ወር ይህ ብርሃን ከሁለት ሰዓት በላይ ሊቆይ ይችላል። እኛ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ግድም ላይ ነን፤ ጀንበራችን ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ከአድማስ 6 ዲግሪ ከፍ ካለችበት እስክትጠልቅ 25 ደቂቃ ያህል፣ ከጠለቀች በኋላ ብርሃኑ ዓይን ያዝ እስኪያደርግ ደግሞ 20 ደቂቃ ያህል ነው። ወርቃማው ሰዓት ለእኛ ሰዓት አይሞላም። «ፀሐይ ሳትጠልቅ ድረስ» የሚባለው ማስጠንቀቂያ በአገራችን የሚያስቸኩለው በከንቱ አይደለም።

በአፋር ዝቅታ ነገሩ ከዚህም ያጥራል። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ያለች ምድር ናት፤ በስተ ምዕራቧ ያለው የደጋ ግንብ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ አለው። በ60 ኪሎ ሜትር ርቀት የቆመ 3,000 ሜትር ተራራ ከሰማዩ 3 ዲግሪ ያህል ይቆርጣል። ሒሳቡን በእስክሪብቶ ሠርተነዋል፤ ጀንበሯ መጥለቅ ከሚገባት ጊዜ 12 ደቂቃ ያህል ቀድማ ትሰወራለች ማለት ነው። የአፋሩ ምሽት የሚመሸው በእኛ ተራራ ነው። ከእኛ በኩል የቆመ ሰው ደግሞ ፀሐይን በጀርባው አድርጎ ወደ ምሥራቅ ቢያይ፣ የተራራው ጥላ ሜዳውን እየሸፈነ ሲሄድ ያያል። ሁለት ሰዎች አንዱን ምሽት ከሁለት ወገን ያያሉ፤ ቀን መቁጠሪያ ላይ የወጣው ግን የአንዱ ወገን ብቻ ነው።

የላስታና የዋግ ሰው ከበረሃ ጋር የተዋወቀው በጨው ነው። አሞሌ ከአፋር የጨው ሜዳ ተቆርጦ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋ ይወጣ ነበር። ሰቆጣ የታወቀች የአሞሌ ገበያ ነበረች፤ ከዚያ ወደ ላስታና ወደ በጌምድር ይበተናል። አሞሌ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ በገንዘብነት ይመነዘር እንደ ነበር የታሪክ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ታዲያ ለጨው ነጋዴ ምሽት ምንድር ነው? በበረሃ እኩለ ቀን አይኬድም። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ጭነት ይነሳል፤ ሌሊቱን ጨረቃ ካለች በጨረቃ፣ ከሌለች በኮከብ ይገሰገሳል። ያን ሰዓት የነጋዴው እጅ ገመድ ላይ ነው፤ ቀና ብሎ ሰማዩን ቢያይም ለመንገድ ብሎ ነው። በቀን መቁጠሪያው ላይ ያሉት ግመሎችም በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ የተገኙት ለሥዕሉ ሲሉ አይደለም። የሥራ ሰዓታቸው ስለ ሆነ ነው። ይህን ያላወቀ ተመልካች ግን ግመሎቹ ወደ ጀንበሯ እየተሳለሙ የሚሄዱ ይመስለዋል።

አሁን ወደ ካሜራው እንምጣ። ካሜራ ከአገራችን ተራራ ጋር በሰፊው የተዋወቀው በጦርነት ነው። በ1860 ዓ.ም. ጄኔራል ናፒየር እስረኞቹን ለማስፈታት ወደ መቅደላ ሲዘምት ከእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች መካከል የፎቶግራፍ ሥራ የተሰጣቸው ወታደሮች ነበሩ። ጦሩ ከቀይ ባሕር ዳር፣ ከዙላ ተነስቶ፣ በሰናፌ፣ በአዲግራት፣ በእንጣሎ፣ በአሸንጌ አድርጎ ላስታ ገባ፤ የተከዜን መነሻ ተሻግሮ ወደ ዋድላ ደጋ ወጣ፤ ከዚያም የጅዳን ገደል ወርዶ ወደ ደላንታ፣ በሽሎን ተሻግሮ ወደ መቅደላ። ይህ ሁሉ መንገድ ለመቄት ሰው የጎረቤት አገር ነው።

በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ማንሳት እንደ ዛሬ ጣት መንካት አልነበረም። መስታወት ላይ ኮሎዲዮን የሚባል ፈሳሽ ይፈሳል፤ መስታወቱ በብር ጨው ውሃ ይነከራል፤ ገና እርጥብ ሳለ ካሜራ ውስጥ ገብቶ፣ ሥዕሉን ተቀብሎ፣ ሳይደርቅ በጨለማ ድንኳን ውስጥ ይታጠባል። በሞቃት አገር ይህ ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ማለቅ አለበት። መስታወቱ፣ ጠርሙሱ፣ ጨለማ ድንኳኑ፣ የሚያጥበው ውሃ ሳይቀር በእንስሳ ጀርባ ነው የሚጓዘው። በቅሎ ስትወድቅ የፎቶግራፍ ክፍሉ ወደቀ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው እንቅፋት ግን ሌላ ነው። ያ መስታወት ቀይ ብርሃን አያይም። ሰማያዊና ሐምራዊ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ቀይ ለእሱ ጨለማ ነው። (ያኔ በጨለማ ክፍል ውስጥ ቀይ መብራት ማብራት የተቻለው በዚሁ ምክንያት ነው።) ስለዚህ ሰማዩ ሁልጊዜ ነጭ ወረቀት ሆኖ ይወጣል፤ ቀዩ ምሽት ደግሞ ጭራሽ ሳይመዘገብ ይቀራል። በ1860 ዓ.ም. የላስታ ጀንበር ለስንት ሺህ ወታደር ዓይን እየቀላች ጠለቀች፤ ለካሜራው ግን አልጠለቀችም። ለሁሉም ዓይነት ብርሃን የሚሠራ መስታወት በገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው፤ የሉሚዬር ወንድማማቾች የቀለም መስታወት በ1907፤ ኮዳክሮም የተባለው የቀለም ፊልም በ1935። ቀዩ የበረሃ ጀንበር ጥንታዊ ሥዕል ይመስለናል እንጂ ዕድሜው ከአያቶቻችን ዕድሜ አይበልጥም።

የመሐንዲሶቹ ሥዕል ቅንብር ምን ይመስላል? ፀሐይ ከጀርባ፣ ጊዜው ረፋድ ወይም ከቀትር በኋላ፣ ዓይን የሚሄደው ወደ መንገዱ፣ ወደ ሰፈሩ፣ ወደ አምባው በር ነው። ምድሩ የሚወጣና የሚወረድ ነገር ሆኖ ይታያል። ለውበት ብለው አላነሱትም። ለሥራቸው ግን ልክ ነበሩ፤ መድፍ በየት በኩል ያልፋል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ምድርን እንዲያ ነው የሚያየው። ከዚህ ላይ ልንረሳው የማይገባን አንድ ሰው አለ፤ ያን ምድር በዚያው ዓመት በዚያው ጥያቄ ያየው ሌላ ሰው። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር አስነስተው በጋይንት፣ በጨጨሆ፣ በዋድላ በኩል ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ወራት ፈጅቶባቸዋል፤ ገደሉን እያስቆፈሩ፣ ድንጋዩን እያስፈነቀሉ፣ መንገድ እየሠሩ። ጅዳ ላይ የሠሩትን መንገድ እንግሊዞቹ ራሳቸው አድንቀው ተጠቅመውበታል። ከደብረ ታቦር ወደ ዋድላ የሚወስደው የዛሬው ቻይና መንገድ በብዙ ቦታ ያንኑ ጀርባ ይከተላል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ ካሜራው እዚያው ነበረ። የልጅ ዓለማየሁ ፎቶግራፍ አለን። የቴዎድሮስ ግን በሕይወት ሳሉ የተነሳ አንድም የታወቀ ፎቶግራፍ የለም፤ ያለን በእጅ የተሣለ ብቻ ነው። ምድሩን አነሱት፤ የምድሩን ጌታ አላነሱትም።

ከመቅደላ በኋላ ያለውን ዘመን በአጭሩ እንለፈው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1883 ሐረር ላይ ካሜራ አስመጥቶ ራሱን አንስቷል፤ በመጥፎ ውሃ ስለ ታጠቡ ሥዕሎቹ ነጡብኝ ብሎ ለቤተሰቡ ጽፏል። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በ1905 እ.ኤ.አ. መጥቶ የአፄ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው ቤተ መንግሥቱን አገልግለዋል። እነዚህ የፊት ሥዕል ሰዎች ናቸው፤ መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ ወንበር። የአዲስ አበባው ባላባት ፎቶግራፍ ቤት ሄዶ ፊቱን ሲያስነሳ ምድሩን ማንሳት ለመንገደኛ ተተወ። ይህ ክፍፍል ቀላል ነገር አይምሰለን። ለመሳፍንቱ ፊት ተሰጠ፤ ለተቀረው ሕዝብ የሩቅ ቅርጽ።

መንገደኞቹም መጡ። ኔዝቢት የተባለው መሐንዲስ ከሁለት ጣሊያኖች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1928 ከአዋሽ ጣቢያ ተነስቶ የደንከልን ምድር ከደቡብ እስከ ሰሜን አቋረጠ። አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1933 እና በ1934 እ.ኤ.አ. የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ አውሳ ገባ፤ ወንዙ አቤ ሐይቅ ላይ እንደሚያልቅ አይቶ ታጁራ ወጣ። ቴሲጀር የቀለም ፊልም አይወድም ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ በጥቁርና ነጭ ነው የሠራው። በኋላ፣ በ1960 እ.ኤ.አ.፣ በላስታም አልፏል፤ ላሊበላንና መቅደላን አይቷል። ወደ 38,000 የሚደርሱ ኔጋቲቮቹ ኦክስፎርድ በሚገኘው ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ተቀምጠዋል። በበኩላችን ጥቁርና ነጩን መምረጡን እንወድለታለን። ቀለም ሲጠፋ ምሽት በቅርጽና በጥላ ብቻ መነገር አለበት፤ ብርቱካንማው ሰማይ ዓይንን ስለማይደልል የሰውየው አቋቋም፣ የግመሉ አንገት፣ የድንጋዩ ጥላ ርዝመት ሁሉ ዋጋ ያገኛል።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ሉቼ የተባለው የፋሽስቶች የሥዕልና የፊልም ድርጅት ለምሥራቅ አፍሪካ የተለየ ክፍል አቋቁሞ ነበር። የእነሱን ሥዕል ለማወቅ ብዙ ምርምር አያስፈልግም፤ ባዶ ምድር፣ ከባዶው ምድር ላይ መንገድ፣ ከመንገዱ ላይ ባንዲራ። ምድሩ ባዶ ካልሆነ ባንዲራው ምን ሊሠራ መጣ ይባላላ!

እንግዲህ ወደ ነገሩ እምብርት ደረስን። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ቱሪዝም ድርጅት ሲቋቋም መሪው ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን መፈክር አወጣ። በእንግሊዝኛው ፀጋ ሳይሆን የ13 ወር የፀሐይ ብርሃን ነው የሚለው። ብልህ መፈክር ነበር፤ የዘመን አቆጣጠራችንን ሳይቀር ሸቀጥ አደረገው፤ እስከ 2008 ዓ.ም. «ምድረ ቀደምት» እስኪተካው ድረስ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ኖሯል። ዳሩ ግን በ1965 ዓ.ም. ያ የፀሐይ ፖስተር በየኤምባሲው ተለጥፎ ሳለ ወሎ ላይ ያው ፀሐይ ቡቃያውን እያረገፈ ነበር። አንዲት ፀሐይ፤ በፖስተሩ ላይ ፀጋ፣ በማሳው ላይ መዓት።

በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲው መምህራን ወደ ወሎ ተጉዘው ያመጧቸው ፎቶግራፎች በግቢው ውስጥ ለእይታ ቀረቡ። መንግሥት ረሃቡን በደበቀበት ሰዓት ግድግዳ ላይ የተለጠፈች ወረቀት ትልቅ ነገር ናት። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በጥቅምት 1966 ዓ.ም.፣ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረሃብ» የተባለውን ፊልም ለአገሩ ሰው አሳየ። ደርግ ይህንኑ ፊልም ከግብዣ ሥዕል ጋር አዋህዶ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በቴሌቪዥን አሳየና በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱን አወረደ። አንድ ሥዕል ከየትኛው ሥዕል ጎን እንደሚቀመጥ መወሰን ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ከዚያች ምሽት ወዲያ ማስረዳት አያስፈልግም። አውራጁ መንግሥት ራሱ ግን አሥር ዓመት ሳይሞላ ያንኑ ወሎ ደግሞ ደበቀው።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የኬንያዊው ካሜራማን የሞሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል ቡርክ ዘገባ ዓለምን አስደነገጠ። ቦታው ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችው ኮረም ናት። ሰዓቱ ንጋት ነው፤ ጀንበር ብቅ ስትል፣ ጉምና ጭስ ሜዳው ላይ ተኝቶ፣ ከጭሱ ውስጥ ማለቂያ የሌለው ሕዝብ ይታያል። ጋዜጠኛው ረሃቡን ከመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ጋር አመሳሰለው። ሥዕሉ የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል፤ ይህን የሚክድ የወሎ ልጅ የለም። አባቶቻችን የበሉትን ስንዴ አንክድም። ነገር ግን ኮረም በረሃ አይደለችም። ኮረም ብርዷ አጥንት የሚሰብር ደጋ ናት፤ የአሸንጌ ሐይቅ እዚያው ሥሯ ነው። ያ ጭስ የበረሃ አቧራ ሳይሆን ብርድ ያንቀጠቀጠው ሰው ያነደደው እሳት ነው። ለዓለም ግን ዝቅ ያለች ጀንበር፣ አቧራማ ብርሃንና የከሳ ሰው አንድ ላይ ሲታዩ «በረሃ» የሚል ፊደል ሆነው ተነበቡ። በዚያው ዓመት እንግሊዞች ለእርዳታ ያወጡት የገና ዘፈን አፍሪካን ወንዝ የማይፈስባት ምድር አድርጎ ሣላት። ተከዜ ከላስታ ይነሳል! ሰውየው አላየውም እንጂ።

ይህ የቃል ጨዋታ ብቻ ቢሆን ባልደከምን። አንድን አገር በረሃ ነው ብለህ ካመንህ ቀጥሎ የምታስበው ሰውን ከዚያ ማውጣት ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. መንግሥት ወደ 600,000 የሚደርስ ሕዝብ፣ ብዙውን ከወሎ፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ መተከል አጓጓዘ። ፈቅዶ የሄደ አለ፤ ከገበያ ታፍሶ የሄደ አለ። መሬቱ ደክሟል፣ አፈሩ አልቋል የሚለው ንግግር ከሥዕሉ ጋር ይገጥም ነበር። ሥዕሉ አሰፈራቸው አንልም፤ ይህን ማለት ጥፋተኛውን ማስመለጥ ነው። ግን በሥዕሉ ላይ ማሳ አለመኖሩ፣ የታረሰ እርከን አለመታየቱ፣ ለአሳፋሪው አልከፋውም።

ብራዚላዊው ሰባስቲያኦ ሳልጋዶ በዚያው ሰሞን ኮረምን አንስቷል። በ1986 እ.ኤ.አ. ያወጣው መጽሐፍ ስሙ «ሳሕል» ነው። ሳሕል ማለት የሰሃራ ጠርዝ ማለት ነው፤ የእኛን ደጋ ከማሊና ከቻድ ጋር በአንድ ሽፋን ጠረዘው። ይኸው ሰው ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2008 እ.ኤ.አ.፣ ከላሊበላ ተነስቶ በእግሩ፣ ጓዙን በአህያ አስጭኖ፣ እስከ ሰሜን ተራሮች ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዘ። የዚያ ጉዞ ሥዕሎች የገቡበት መጽሐፍ በ2013 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ስሙ «ዘፍጥረት» ሆነ። ሳልጋዶ በ2025 እ.ኤ.አ. አርፏል፤ ታላቅ ባለሙያ ነበር፤ ብርሃንን እንደ እሱ የሚያነብ ጥቂት ነው። እኛን የሚገርመን ግን የሁለቱ መጻሕፍት ስም ነው። ያው ደጋ፣ ያው ሕዝብ፣ በአንዱ የዓለም ጠርዝ ላይ የሚያልቅ፣ በሌላው ገና አሁን የተፈጠረ። በመካከሉ ያለው ነገር፣ መኸርና በልግ፣ ግብር፣ የመሬት ክርክር፣ ገበያ፣ ትምህርት ቤት፣ አልታየም። በረሃም ሆነ ገነት ሁለቱም ታሪክ የሌላቸው ቦታዎች ናቸው።

የቅርቡን ደግሞ ሳንነካው ማለፍ አይሆንልንም። በ2014 ዓ.ም. ጋሸና የጦር ግንባር ነበረች፤ መቄትም በእሳቱ ውስጥ አልፋለች። ያ ለምሽት ሥዕል ይመረጥ የነበረው አፋፍ ለሌላ ዓይነት ዓላሚ ተመረጠ፤ ከፍ ያለ ቦታ ለሁሉም ይመቻል። ስለዚያ ጊዜ ለመጻፍ ቁስሉ ገና ትኩስ ነው፤ እዚህ ላይ እንተወው።

ታዲያ እኛ ራሳችን ካሜራ ብንይዝስ? ዛሬ ካሜራ የሌለው ተማሪ የለም፤ በኪሱ ነው የሚዞረው። ሰሞኑን ከፍላቂት አፋፍ ላይ ቆመን ከተነጋገርነው ጥቂቱን እናካፍል። ጀንበሯን ፊት ለፊት ያነሳ ሰው ካሜራው ለሰማዩ ስለሚለካ ከፊቱ የቆመው ሰው ይጠቁራል፤ ፊት የሌለው ቅርጽ ብቻ ይቀራል። በቀን መቁጠሪያው ላይ ያለው የግመል ነጂ ዓይን የሌለው ለዚህ ነው። ጨካኝነት አይደለም፤ የብርሃን መጠን ጉዳይ ነው፤ ውጤቱ ግን ያው ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ዞር ማለት። በ11 ሰዓት ተኩል ግድም ጀንበሯን ጀርባ ሰጥተን ብንቆም ያ የሚወደደው ወርቅማ ብርሃን በእረኛው ፊት ላይ፣ በገብስ ክምሩ ላይ፣ በቆርቆሮው ጣራ ላይ ያርፋል። ሰውየው ስሙ የሚጠየቅ ሰው ይሆናል።

አድማሱን ከመሐል አለማድረግ ይመከራል። ስለ እኛ አገር ከሆነ እኛ የምንለው አድማሱን ወደ ላይ ስቀሉት ነው፤ ከሥዕሉ ሦስት እጅ ሁለቱ ምድር ይሁን። ሰማይ የትም አገር ያው ሰማይ ነው። በምድሩ ላይ ግን የታረሰው ከፋልማው፣ እርከኑ ከቦረቦሩ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ከባሕር ዛፉ ይለያል። ዝቅ ያለ ብርሃን ለዚህ የተፈጠረ ነው፤ በቀትር የማይታየው የማረሻ ፈር በዚያ ሰዓት አንድ በአንድ ይነበባል። ከጎጆው የሚወጣውን የማታ ጭስም አትተዉት፤ ያ ጭስ እራት እየተሠራ መሆኑን የሚናገር ጭስ ነው፤ ከኮረሙ ጭስ ጋር እንዳይምታታ ከሥሩ ያለውን ጎጆ ጨምራችሁ አንሱ።

ጀንበሯ ከገባች በኋላ ወዲያው ካሜራውን ማጠፍ የብዙ ሰው ልማድ ነው። ቆዩ። ፊታችሁን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ላስታ ተራሮች አዙሩ። ከአድማሱ በላይ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ቀበቶ፣ ከእሱ በላይ ደግሞ ሮዝማ ቀበቶ ይነሳል። ጠቆር ያለው የምድር ራሷ ጥላ ነው፤ አየሩ ላይ አርፎ ወደ ላይ ይወጣል። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ብቻ ይታይና ከሌሊቱ ጋር ይዋሐዳል። ያ ጥላ ወደ እኛ ሲደርስ በታች ያለው የአፋር ሜዳ ከመሸበት ቆይቷል።

ከታች ያለው ምሽት ከላይ ሲታይ ምን እንደሚመስል ይህን ያህል አልን። ከላይ ያለው ደጋ ከታች ሲታይ ምን እንደሚመስል መናገር ግን የእኛ ፋንታ አይደለም። ከጭፍራ፣ ከአውራ ወይም ከዱብቲ የመጣ ጓደኛ በግቢው ውስጥ ካለ፣ ጀንበር ወደ እኛ ተራራ ስትገባ ቤተሰቡ ምን ብለው እንደሚጠሩት፣ ያንንም ሰዓት በምን ሥራ እንደሚያሳልፉት ለሚቀጥለው እትም ቢጽፍልን ገጽ እናስቀምጥለታለን። በአፋርኛ ቢጽፈውም ተርጓሚ እንፈልጋለን።